ጥቁር አፈር ግቢ ላይ ሰው ሠራሽ ሣር፦ ውሃው በየት ይውጣ?

ጥያቄው በአንድ የኢንተርኔት የውይይት ክር ላይ ሲነሣ ቀላል ይመስል ነበር፤ ተከታታይ መልሶቹን በተጻፉበት ተራ ቁጥር እጠራቸዋለሁ። ሰሚት አካባቢ ያለ የመኖሪያ ግቢ ነው፤ በቤቱና በአጥሩ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ስድስት ሜትር በአሥር፣ ማለትም 60 ካሬ። አፈሩ መረሬ፣ ማለትም ጥቁር አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ጫማ ያወልቃል፣ በጋ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ውሃው ሁለት ሦስት ቀን እዚያው ይተኛል። የጠያቂው ዕቅድ 10 ሴንቲ ቆፍሮ አፈሩን ማውጣት፣ በምትኩ አሸዋ መሙላት፣ ከላይ ሰው ሠራሽ ሣር ማንጠፍ ነው። ሻጩ የሣሩ ጀርባ ቀዳዳ ስላለው ውሃ አይቆምበትም ብሎታል። ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አሸዋው 10 ሴንቲ ይበቃል ወይስ 15 ይሁን?

1ኛው መልስ በትሕትና ጀምሮ ጥያቄውን ገለበጠው። የሣሩ ቀዳዳ ውሃውን ከሥሩ ላለው ነገር ያስረክባል እንጂ አያጠፋውም፤ ከሥሩ ያለው ደግሞ ድሮም ውሃ አልቀበል ያለው ያው መረሬ ነው። ጥቁር አፈር ውስጥ የተቆፈረና በአሸዋ የተሞላ ጉድጓድ ገንዳ ነው። ላዩ ደርቆ ይታያል፣ ውስጡ ጭቃ ይሆናል፣ ከሁለተኛው ክረምት በኋላ ሲረግጡት ይሰምጣል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ነው። ስለ ውፍረት ከመነጋገር በፊት ሦስት ነገር እንዲነገረው ጠየቀ፦ የጣሪያው ውሃ የት ይወርዳል? ከግቢው ዝቅ ያለ መውጫ አለ? አፈሩ በሰዓት ስንት ሚሊ ይጠጣል?

2ኛው ሦስተኛውን ጥያቄ እንዴት መመለስ እንደሚቻል አስረዳ። 30 በ30 ሴንቲ ስፋት፣ 30 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ውሃ ሞልቶ ሌሊቱን ማሳደር፤ ጠዋት እንደገና ሞልቶ፣ ሚስማር ምልክት አድርጎ፣ በየሰዓቱ መለካት። በአንድ ነገር ላይ ጠንከር አለ፦ በበጋ ሳያሳድሩ የለኩ ሰዎች ይታለላሉ፣ ምክንያቱም ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ይሰወርና አፈሩ የሚያጠልል ይመስላል። ሐምሌ ሲገባ አፈሩ አብጦ ስንጥቁን ይዘጋዋል።

3ኛው መልስ ሂሳብ ብቻ ነበር፤ በክሩ ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ ብዙ ያዳነው ግን እሱ ይመስለኛል። አንድ ደህና የከሰዓት ዝናብ 40 ሚሊሜትር ቢጥል፣ 60 ካሬው ግቢ ላይ የሚያርፈው 2,400 ሊትር ነው። ወደ ግቢው የሚያዘነብለው ጣሪያ 100 ካሬ ቢሆን 4,000 ሊትር ይጨምርበታል። ስለዚህ አሸንዳው መሬት ላይ የሚያራግፍ ከሆነ ከግማሽ በላይ የሆነው ችግር ከሰማይ ሳይሆን ከጣሪያ ነው የመጣው። እንኳን ዘንቦብሽ ድሮም ጤዛ ነሽ ይባላል። የመጀመሪያው ሥራ አሸንዳውን በ110 ሚሊ ፒቪሲ ቱቦ ይዞ በቀጥታ ወደ ውጭ ማውጣት ነው፤ ሣር የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። ከሣሩ ሥር ውሃ ለማውጣት ባለ ቀዳዳ ቱቦ ከተቀበረ ከእሱ ጋር እንዳያገናኙትም አስጠነቀቀ፦ የጣሪያው ውሃ በቀዳዳው ተመልሶ ጠጠሩን ይሞላዋል።

4ኛው ወደ አሸዋው መጣ። አሸዋ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ሰው ሲመላለስበት ይሸሻል፣ ሣሩም ይዋዥቃል። የሚያስፈልገው ንጹሕ የተፈጨ ጠጠር ነው። 5ኛው ርካሽ መፍትሔ ያለ መስሎት በቢሾፍቱ በኩል የሚመጣውን ቀይ ገረጋንቲ አቀረበ፤ ቀላል ነው፣ ቀዳዳ የበዛበት ነው፣ በመኪና ዋጋውም ያነሰ ነው። 6ኛው አረመው። ገረጋንቲ ሲጠቀጠቅ ይፈጫል፤ ዱቄቱ ይያያዛል። ለመንገድ ሥር የሚወደደው በዚሁ ምክንያት ነው፣ ለውሃ ማሳለፊያ የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት። የእሱ ምክር፦ ከሥር ወደ 20 ሚሊ የሚሆን ጠጠር 12 ሴንቲ፣ ከላይ ከ3 እስከ 6 ሚሊ የሆነ ደቃቅ ጠጠር 3 ሴንቲ። ደቃቁ በትልቁ ክፍተት ስለሚሰምጥ በመካከላቸው ስስ ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈርና ጠጠር የሚያስቀር ጨርቅ) ማድረግ ወይም ጠቅጥቆ ደግሞ መሙላት ያስፈልጋል። ከካባ (ከድንጋይ ማውጫው) ሲያዝዙ በጠጠሩ መለያ ቁጥር ሳይሆን በሚሊሜትር ይጠይቁ፣ ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ዱቄት የሌለበት ይሁን ብለው አፍ አውጥተው ይናገሩ። ከጠጠሩ ሥር ክብደቱ በካሬ ከ150 እስከ 200 ግራም የሆነ ያልተሸመነ ጂኦቴክስታይል ይነጠፋል፤ እሱ ከሌለ ጭቃው ከታች ወደ ላይ ጠጠሩን እየበላው ይመጣል።

አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር፦ ንጹሕ ጠጠር ወደ 40 በመቶ ክፍተት አለው። 12 ሴንቲው ጠጠር በካሬ 48 ሊትር ይይዛል ማለት ነው፤ አንድ ትልቅ ዝናብ። ጥያቄው የነገው ዝናብ ሲመጣ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል ወይ ነው። አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው ከ200 ሚሊሜትር በላይ ይዘንብባቸዋል።

በ7ኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ። መላሹ እስካሁን የተባለውን ሁሉ ልፋት ብቻ ብሎ ናቀው፤ ጥቁር አፈር ላይ የሚሠራ ሰው ሜትር ከግማሽ ቆፍሮ አውጥቶ ሰሌክት ማቴሪያል (ተመርጦ የመጣ የሙሌት አፈር) ይሞላል፣ ሌላው ማታለያ ነው አለ። 8ኛው በጨዋነት ለየለት፦ ያ ለቤት መሠረት እንጂ ለሣር አይደለም። 60 ካሬን ሜትር ከግማሽ መቆፈር 90 ሜትር ኪዩብ ነው፤ የወጣ ጭቃ ሲላላ በሲሶ ስለሚጨምር 16 ሜትር ኪዩብ የሚጭን ሲኖትራክ ሰባት ስምንት ቢያጆ ይወስዳል። 9ኛው ጨዋነቱን ተወው። ከመሠረት አጠገብ ሜትር ከግማሽ ጥልቀት ያለው ውሃ የሚያሳልፍ ሙሌት፣ መውጫ ሳይኖረው፣ ከቤቱ ሥር የተቆፈረ ኩሬ ነው። ጥቁር አፈር ግድግዳ የሚሰነጥቀው ውሃ ሲያገኝ አብጦ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ነው፤ ይህን ዑደት ከመሠረቱ ጎን ማጠናከር ቤት ማፍረስ ነው አለና የ7ኛውን ምክር ማንም እንዳይሰማው ጻፈ። ቃሉ ቢከብድም ምክንያቱ ትክክል ነው።

10ኛው ላይ ጠያቂው መለኪያ ይዞ ተመለሰ። ጉድጓዱ ካደረ በኋላ በሰዓት 4 ሚሊ ቀነሰ። ግቢው ከኮብልስቶኑ መንገድ 12 ሴንቲ ዝቅ ይላል፤ መንገዱ ሲነጠፍ ከፍ ብሏልና። የመንገዱ ፎሳ (የጎርፍ ቦይ) ወለል ግን ከመንገዱ 60 ሴንቲ ዝቅ ስለሚል ከግቢው 48 ሴንቲ ይወርዳል።

11ኛው 4 ሚሊው ራሱ እንደሚያታልል አሳየ። 30 በ30 በ30 የሆነ ሙሉ ጉድጓድ በወለሉ ብቻ ሳይሆን በአራቱ ጎኑም ያሰርጋል፤ ውሃ የሚነካው አፈር ከወለሉ አምስት እጥፍ ነው። ጠፍጣፋ መሬት ላይ ሲመለስ በሰዓት ከ1 ሚሊ ያነሰ ነው። ጠጠሩ የሚይዘው 48 ሚሊ ውሃ በዚያ ፍጥነት ለመስረግ 60 ሰዓት ይፈልጋል፤ በክረምት ደግሞ በየከሰዓቱ ይዘንባል። መደምደሚያው አጭር ነበር፦ አፈሩን እንደሌለ ቁጠሩት፣ ውሃው በቱቦ ይውጣ።

12ኛው ረጅም ነው፤ ብዙዎች የሚስቱትን ነገር ስለያዘ እዚህም ማሳጠር አልፈለግሁም። ስሎፕ (ተዳፋት) የሚሰጠው ለሣሩ ላይ ብቻ አይደለም፤ ከጠጠሩ ሥር ላለው ለተቆፈረው የጭቃ ወለል ነው። ሠራተኞች ወለሉን እንዳገኙ ቆፍረው ጠጠሩን ከላይ ያስተካክሉታል፤ ላዩ ያማረ ይሆናል፣ ከሥር ግን እዚህም እዚያም ጎድጓዳ ውሃ ይዞ ይቀራል። በዶማ የወጣው ጎድጓዳ በአፈር አይሞላ፤ በጠጠርም ከተሞላ ውሃ ይዞ ይቆያልና ወለሉ ራሱ ወደ ዝቅተኛው እንዲያፈስ ተደርጎ መላጥ አለበት። ከቤቱ ወደ አጥሩ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ ይሁን፤ ለ6 ሜትር ከ9 እስከ 12 ሴንቲ ማለት ነው። ለመለኪያ ውሃ የተሞላ፣ ውስጡ የሚታይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦና የተወጠረ ሲባጎ ይበቃል፦ ከቤቱ ጎን ሦስት ካስማ፣ ከአጥሩ ጎን ሦስት ካስማ፣ ሲባጎው ከወለሉ እኩል ርቀት ላይ። ጭቃው ርጥብ ሳለ መርገጥና ማሽን ማስገባት ወለሉን ስለሚያልሰው በሳንቃ ላይ ተቁሞ ይሠራ።

13ኛው ቱቦውን ጨመረ። በአጥሩ ሥር፣ በዝቅተኛው ጠርዝ፣ 30 ሴንቲ ስፋት ያለው ቦይ አሥር ሜትር ይቆፈራል፤ በጂኦቴክስታይል ይለበጣል፤ 5 ሴንቲ ጠጠር፣ ከዚያ ባለ ቀዳዳው 110 ሚሊ ቱቦ፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ ጨርቁ ከላይ ይታጠፋል። ስሎፑ ቢያንስ 1 በመቶ፣ ለአሥር ሜትር 10 ሴንቲ። በዚህ ስሎፕ 110 ቱቦ ሞልቶ በሰከንድ ወደ 6 ሊትር ያሳልፋል፤ ግቢውና ጣሪያው አንድ ላይ ቢቆጠሩ እንኳ በሰዓት 100 ሚሊ የሚያወርድ ውርጅብኝ ከ4.5 ሊትር አይበልጥም። ላይኛው ጫፍ ወደ ላይ ታጥፎ በክዳን ይዘጋ፤ ሲደፈን ውሃ የሚለቀቅበት በር ነው።

ከ14 እስከ 17 ያሉት መልሶች በአንድ ነገር ተጣሉ፤ የቱቦው ቀዳዳ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች? 14ኛው ውሃ ከላይ ስለሚመጣ ወደ ላይ ነው አለ። 15ኛው ውሃው ቦዩን ከታች ጀምሮ ነው የሚሞላው፤ ቀዳዳው ላይ ከሆነ ቱቦው ሥራ የሚጀምረው ቦዩ ከ11 ሴንቲ በላይ ውሃ ከያዘ በኋላ ነው ብሎ መለሰ። 16ኛው 15ኛውን መሐንዲስ ነኝ ባይ ብሎ ነካው። 17ኛው ቀዳዳዎቹ በሰዓት ፊት ላይ እንደ አራትና እንደ ስምንት ቁጥር በሁለቱ ጎን ወደ ታች ዝቅ ብለው ይበሱ፣ የቱቦው ሆድ (የውስጡ ታችኛ ወለል) ግን ሳይበሳ ውሃ መሄጃ ሆኖ ይቅር ብሎ ነገሩን ዘጋው። 8 ሚሊ መሰርሰሪያ፣ በየ10 ሴንቲው።

18ኛው እስካሁን የተባለውን ሁሉ ደምሮ ስሕተት አገኘ፤ ሁላችንም ያለፍነው ነበር። ከቤቱ ጎን 15 ሴንቲ ተቆፍሮ 2 በመቶ ስሎፕ ከተሰጠ ከአጥሩ ጎን 27 ሴንቲ ይሆናል። ከዚያ በታች የቱቦው ቦይ፣ ከዚያ አሥር ሜትር ሲሄድ ሌላ 10 ሴንቲ። የቱቦው ሆድ ከግቢው ከ50 ሴንቲ በላይ ይወርዳል፤ ፎሳው ግን ያለው 48 ላይ ነው። ውሃ ሽቅብ አይፈስም። እያንዳንዱ መካሪ ለብቻው ልክ ነበር፣ አንድ ላይ ግን የማይሠራ ነገር መከሩ አለ፤ ትንሽ ምፀትም አልጎደለው።

19ኛው መውጫውን አገኘ፤ ወደ ታች ከመቆፈር ወደ ላይ መሥራት። ከቤቱ ጎን 5 ሴንቲ ብቻ ይላጥ፤ ስሎፑ 1.5 በመቶ ይሁን፤ ከአጥሩ ጎን 14 ሴንቲ ይሆናል። 15 ሴንቲው ጠጠር ሲመጣ የሣሩ ላይ ከቤቱ ጎን ከዛሬው 10 ሴንቲ ከፍ ይላል፣ ከአጥሩ ጎን 1 ሴንቲ። የቱቦው ሆድ በላይኛው ጫፍ 30 ሴንቲ፣ በታችኛው 40፣ ሁለት ሜትር ተጉዞ ፎሳው ሲደርስ 42 ላይ ይሆናል። ለ48ቱ 6 ሴንቲ ተረፈ። ቅድመ ሁኔታው ከፍ ያለው ሣር ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ዝቅ እንዲል ነው፤ ያ ካልሆነ ርጥበት ግድግዳ ይወጣል። የቁፋሮውም መጠን ቀነሰ፦ ከነቦዩ 6.5 ሜትር ኪዩብ ያህል፣ ሲላላ ወደ 9፣ አንድ ቢያጆ የማይሞላ። ትልቁ ጠጠር ከነመጠቅጠቂያው 9 ሜትር ኪዩብ፣ ደቃቁ 2 ከምናምን፣ ጂኦቴክስታይሉ ከነመደራረቢያው ወደ 80 ካሬ።

20ኛው 6 ሴንቲ ትርፍ ትንሽ ነው ብሎ አስጠነቀቀ። ፎሳው በዝናብ ሰዓት ሲሞላ ውሃው ወደ ግቢ ይመለሳልና ጫፉ ላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት ክዳን ይግባ፤ ለአይጥም ወንፊት ከክዳኑ በፊት። 21ኛው ይህ ሁሉ ለምን፣ ከሽንት ቤቱ ሴፕቲክ ጋር ማገናኘት አይቀልም ወይ ብሎ ገባ። 22ኛው አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፤ ስለ ፍሳሽ መጣጭ መኪና ዋጋ ነበር፣ ቃሉን ባልደግመው ይሻላል። ነገሩ ግን ግልጽ ነው፦ የዝናብ ውሃ ሴፕቲክ ከገባ ያልተብላላውን ሁሉ ገፍቶ ያወጣዋል፣ በሁለት ዝናብም ይሞላል።

23ኛው በእርጋታ የ9ኛውን ፍርሃት አነሣ። ከቤቱ ግድግዳ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ድረስ፣ ከጠጠሩ ሥር ወፍራም ላስቲክ ተነጥፎ ወደ ቱቦው በኩል ቢያዘነብል፣ ከመሠረቱ አጠገብ ያለው መረሬ ክረምት ከበጋ ርጥበቱ አይለዋወጥም። 24ኛው ተቃወመ፤ ላስቲክ ውሃ ያቁራል። 25ኛው ሁለቱንም አስታረቀ፦ ወለሉ በትክክል ካዘነበለ ላስቲኩ ይጠቅማል፣ ካላዘነበለ 24ኛው እንዳለው ነው።

ከዚያ ወሬው ሸሸ። አንዱ እንቁጣጣሽ ሲመጣ በፕላስቲክ ሣር ላይ ቄጤማ ይጎዘጎዛል ወይ ብሎ ሳቀ። ሌላው ሰርዶ ይተከል፣ ሕያው ሣር ቢያንስ ውሃ ይጠጣል አለ። 28ኛው ከቀልዱ መካከል ቁም ነገር አመጣ፦ የሰሜን ሸዋ ገበሬ መረሬን ሲያርስ ውሃውን ለማስረግ አይሞክርም፤ እነዋሪ ላይ ሰፊ መደብ በእጅ እያነሡ በመሃሉ ቦይ ያወጣሉ፣ ሰብሉ ከፍ ይላል፣ ውሃው በቦዩ ይሄዳል። 19ኛው ያደረገውም ይኸው ነው አለ። ይህን ያነበበ ሁሉ ወደደው።

29ኛው ኖራ ቀላቅሎ አፈሩን ማከም ይሻላል ባይ ነበር፤ ጂፕሰምም አነሣ። 30ኛው ኖራ ከአፈሩ ክብደት 5 በመቶ ያህል ተደባልቆ ሲጠቀጠቅ እብጠቱን በእርግጥ ይቀንሳል፣ ውሃ ግን አያሳልፍም፤ ጂፕሰም የሚሠራው ሶዲየም በበዛበት አፈር ነው ብሎ አለፈው።

ስለ ሣሩ ራሱ የተነገረው በ31ኛው ብቻ ነው፣ ይህም የነገሩን ሚዛን ያሳያል። ጥቅሉ 4 ሜትርና 2 ሜትር ስፋት ካለው አንድ አንድ፣ አሥር አሥር ሜትር፤ ስፌቱ አንድ ብቻ ይሆናል። የሁለቱም ፀጉር ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛ፣ አለዚያ ቀለሙ ሁለት ይመስላል። የፋብሪካው ጠርዝ አንድ ሴንቲ ያህል ከጀርባ ይቆረጥ፤ 30 ሴንቲ ስፋት ያለው ማያያዣ ጨርቅና ማስቲሽ በደረቅ ቀን። በሣሩ ፀጉር መካከል የሚበተነው የሲሊካ አሸዋ በካሬ ከ5 እስከ 8 ኪሎ፣ ለ60 ካሬ ከ300 እስከ 480። በበጋ ቀትር ፕላስቲኩ ለባዶ እግር እንደሚያቃጥል ይታወቅ፤ ውሻ ካለም በየሳምንቱ ይታጠብ። 32ኛው ጠርዙን አስታወሰ፦ ዙሪያውን የሚፈሰው የኮንክሪት ጠርዝ በአጥሩ በኩል ከጠጠሩ በታች ከወረደ ወደ ቱቦው የሚሄደውን ውሃ ያግደዋልና በዚያ ጎን ከቦዩ ባሻገር፣ አጥሩ ሥር ይሁን። 33ኛው ጊዜውን፦ ጥቅምትና ኅዳር። ግንቦት ላይ በተሰነጠቀ አፈር ላይ የተነጠፈ ሐምሌ ላይ አብጦ ስሎፑን ያበላሸዋል።

ጠያቂው በ34ኛው አዲሱን ዕቅድ ጻፈ፤ አሸንዳው በመጀመሪያ፣ በራሱ ቱቦ። አሸዋ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ አለ፣ እሱም ሲሊካው ነው። ላስቲኩን ለመጨመር ገና አልወሰነም። የመጨረሻው መልስ የ18ኛው ጸሐፊ ነበር፤ ምፀቱን ትቶ አንድ ነገር ብቻ አሳሰበ። ቱቦው ተቀብሮ ወለሉ ላይ ጠጠሩ ከመሞላቱ በፊት ባለ 200 ሊትር በርሜል ውሃ ከቤቱ ጎን ወለሉ ላይ ይደፋ፤ አንድ ሰው ፎሳው ጋ ቆሞ ሰዓት ይያዝ፤ ሌላው ወለሉ ላይ የቀረውን ጎድጓዳ ሁሉ በኖራ ምልክት ያድርግበት።